ጳጉሜን ሮም ውስጥ የለም

ሐምሌ 2 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ሆሳዕና

ይህ ደብተር ከፊት በኩል ጂኦግራፊ ነው። ሃያ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ዝናብ ዓይነቶች ያወራል። እኔ ከኋላ በኩል ጀምሬያለሁ። የዝናብ ዓይነቶችን ሰርቆ የሚያነብ ሰው በዚህ ከተማ ገና አልተወለደም፤ ዝናቡ ራሱ ደጃችን ቆሞ የለም እንዴ!

ዛሬ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ለሦስት ሰዓት ተጠርተን አምስት ሰዓት ላይ ተጀመረ። የቅስቀሳ ኃላፊያችን ጓድ አሳምነው ጭቃ ያልነካው ጫማ አድርጎ መጣ (በሐምሌ! እንዴት እንደሚያደርገው የሳይንስ ጥያቄ ነው)። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል የሆሳዕናና የዱራሜ ወጣቶች በስፖርት ጠቅላላ ዕውቀት ይወዳደራሉ አለ። እዚያ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ማብራሪያ ጨመረበት።

"ኦሎምፒክ በእውነተኛ መልኩ የተጀመረው በሞስኮ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ልምምድ ነው።"

ሁለት መቶ ሰው አጨበጨበ። ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ እንቅልፋቸውን ሳያቋርጡ ነው ያጨበጨቡት። ይህም አንድ ስፖርት ነው። ሜዳልያ ቢኖረው ወርቁ ከዚህ አዳራሽ አይወጣም ነበር።

እኔ ግን ልቤ ዘለለ። እዚህ ከተማ ውስጥ ስለ ስፖርት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ጉራ አይደለም፣ መረጃ ነው። ጋሽ ዳኘ ሱቅ ውስጥ ሁሉም ነገር የሚጠቀለለው በድሮ ጋዜጣ ነው። ሰው ስኳሩን ይልሳል፣ እኔ ወረቀቱን። የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ ኡራጓይ መውሰዷን ከበርበሬ ተማርኩ። ጂምናስቲከኛዋ ናድያ ኮማኔች ሞንትሪያል ላይ አሥር ከአሥር ስታገኝ ሰሌዳው አሥር መጻፍ አቅቶት 1.00 ብሎ መጻፉን ደግሞ ከሩብ ኪሎ ምስማር። ይህ የሰሌዳ ነገር ሁሌ ያስቀኛል። ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር ሲመጣበት ትንሽ ቁጥር ይሰጠዋል። ልክ እንደ ትልቅ ሰው።

ሐምሌ 5

አርባ ሁለት ልጆች ተፈተንን። አንደኛ እኔ። ሁለተኛ የአናጢው ልጅ አክሊሉ። አክሊሉ የሚያውቀው እግር ኳስ ብቻ ነው፤ ከእግር ኳስም ጣሊያንን፣ ከጣሊያንም ፓውሎ ሮሲን። "ረጅም ዝላይ ማን አሸነፈ?" ብትለው "ሮሲ" ይልሃል።

"ጣቢታ፣ ካፒቴን አንቺ ሁኚ" አለኝ። "እኔ የመልስ መስጫውን ደወል እደውላለሁ።"

ልኩን የሚያውቅ ሰው ደስ ይለኛል። በዚህ ከተማ ሁለተኛውን ገና እየፈለግኩ ነው።

ሐምሌ 7

ጥያቄዎቹን እንዲያዘጋጅ የታዘዘው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አባባ! መቶ ጥያቄ ከነመልሱ፣ ከአንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እየተረጎመ። ጓድ አሳምነው አርሞ ያጸድቃል።

አባባ "እሺ ጓድ" አለ። ሌላ ምን ሊል ነው? ካቻምና ጸሎት ቤታችን ሲታሸግ አራት ወር ታስሮ ነበር። ሲለቁት አንድ ወረቀት አስፈረሙት፦ አንድ ተጨማሪ ጥፋት ከተገኘበት ከማስተማር ሥራው ተባርሮ ወደ ነበረበት እስር ቤት ይመለሳል። ከዚያ ወዲህ "እሺ ጓድ" የማይለው ለላማችን ብቻ ነው፤ ለእሷም አንድ ቀን ስትራገጥ ሊላት ምንም አልቀረው። የመዘምራን መሪ ነበር እኮ። ሲዘምር ገበያው ድረስ ይሰማ ነበር። አሁን ጨው አቀብዪኝ ሲል እንኳ ይንሾካሾካል።

ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ጠራኝ።

"ጣቢታ፣ ልጄ፣ ከውድድሩ ብትወጪስ?"

"ለምን?"

"ጥያቄው ከእኔ እጅ ነው የሚወጣው። አባት ጠያቂ፣ ልጅ መላሽ... ሰው ምን ይላል?"

"ጥያቄዎቹን አትንገረኝ፣ እኔም አልጠይቅህም። ደግሞ ሁልጊዜ 'ሰው ምን ይላል' ትላለህ። ይሄ ሰው ማነው? አሳየኝና ሄጄ ልጠይቀው።"

አፉ ዳር ላይ ሳቅ የመሰለ ነገር መጣና ጠፋ። "ተይው፣ ልጄ" አለ።

"አልተወውም።"

ሐምሌ 8፣ እሑድ

ዛሬም ደገመው። "አንተ ስለፈራህ እኔ መፍራት የለብኝም" አልኩት። እማዬ ሰፌዷን እንደያዘች ቆማ ቀረች። እሱ "እሺ" አለ። "ጓድ" ብቻ ነው የጎደለው።

ልክ ነኝ። ማለት ግን አልነበረብኝም። ግን ልክ ነኝ።

ሐምሌ 14

ችኮላ። ልምምድ አለ። ጥያቄዎቹ ታርመው እየተመለሱ ነው፣ ሳጥን ውስጥ ተቆልፈዋል፣ አላየሁም።

አንዱ ግን ስለተሰረዘ አባባ ነገረኝ። ማራቶን ለምን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሆነ? መልስ፦ በ1900 ዓ.ም. ለንደን ላይ ሩጫው በንጉሣውያኑ መቀመጫ ፊት እንዲያልቅ ተብሎ። ጓድ አሳምነው "ንጉሣዊ ሽታ አለው" ብሎ ሰረዘው። ጥያቄውን ሰረዘ እንጂ መንገዱን አላሳጠረ። ሯጩ አሁንም ለእነዚያ ሰዎች ወንበር ብሎ ይለፋል።

ኡራጓይን ደግሞ "ተራማጅ አገር ናት?" ብሎ ጠየቀ አሉ። አባባ "ትንሽ አገር ናት፣ ጓድ" አለው። አለፈች።

ነሐሴ 1

ሎስ አንጀለስ ላይ ኦሎምፒክ ተከፍቷል። እኛ አልሄድንም፤ ስላልሄድን ደግሞ የለም። ጋሽ ዳኘ ግን ሬዲዮናቸውን በጆንያ ሸፍነው የውጭ ጣቢያ ይከፍታሉ። እንግሊዝኛ አይችሉም። እኔ ጆሮዬን ጆንያው ላይ ለጥፌ እተረጉማለሁ። ያልተጠቀለለ ዜና ከእሳቸው ሱቅ ስወስድ የመጀመሪያዬ ነው።

"አሥር ሺውን ጣሊያን ወሰደው" አልኳቸው።

"ጣሊያን? ጣሊያን ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አሥር ሺህ የሚያሸንፈው?"

"እኛ ከቀረን ወዲህ።"

"ዝም በይ አንቺ!" በሩን አዩ። ደንበኛ ሲገባ ወዲያው "ዝናቡ ዘንድሮ በረታ" ማለት ጀመሩ። ሃምሳ ዓመት የሞላቸው ሰውዬ ስለ ዝናብ ሲዋሹ ማየት ያሳፍራል። ያውም ለዝናቡ መዋሸት አያስፈልገውም።

ለአክሊሉ ነገርኩት። "ጣሊያን አሸነፈ" ስለው ዓይኑ በራ። "ሮሲ ነው?"

ነሐሴ 6፣ እሑድ

ቡሄ ሊደርስ ነው፣ ውድድሩም ሳምንት ቀረው። ከጓዳ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

አባባ፦ "ልነግረው ሄጄ ነበር። በሩ ላይ ደርሼ ተመለስኩ።"

እማዬ፦ "አንድ ቃል እኮ ነው።"

አባባ፦ "አራት ወር ያስቀመጠኝም አንድ ቃል ነው፣ ብርቅዬ። ደግሞ መቶ ጥያቄ ነው፤ የሚጠየቀው አርባ። ላይደርስበት ይችላል።"

ምን እንደሆነ አላውቅም። ምንም ይሁን፣ በር ላይ ደርሶ መመለስ! በሩ አይናከስም። የአክሊሉን ደወል እሱ ቢይዘው ኖሮ የሚደውል አይመስለኝም።

ነሐሴ 13፣ እሑድ

በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

የዱራሜ ልጆች በጭነት መኪና መጡ፣ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው። ካፒቴናቸው ገነቴ የምትባል ቀጭን ልጅ ናት፤ ዓይኗ ሰው ይለካል። አዳራሹ ጢም አለ። ጋሽ ዳኘ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። የሴቶች ማኅበሯ እትዬ ሙሉነሽ ከፊት ተቀመጡ። አባባ ግድግዳውን ተደግፎ ከኋላ።

ገነቴ ጎበዝ ናት። ስለ ኩባው ቦክሰኛ ሦስት ወርቆች መለሰች። እኔ ስለ 1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ መለስኩ፤ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት አራት ለሁለት። አክሊሉ አንድ ጊዜ ብቻ መልሱ ሮሲ የሆነ ጥያቄ ደረሰው፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። እኩል ለእኩል ሆነን አርባኛው ጥያቄ ደረሰ። ተራው የእኛ ነው።

"የመጨረሻ ጥያቄ" አለ ጓድ አሳምነው። "የጭቁን አፍሪካውያን ኩራት አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው በየትኛው ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት ነው?"

ሳቄ መጣ። ይህንን የማያውቅ አለ? በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። ዜናው የደረሰው በእንቁጣጣሽ ጠዋት ነው። በየዓመቱ አበባው ሲፈነዳ ትልልቆቹ ይህንኑ ያወራሉ፤ እትዬ ሙሉነሽ የዚያን ጠዋት የተወለደ ልጃቸውን አበበ ብለውታል።

አክሊሉ ደወለ። "ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም." አልኩ።

ጓድ አሳምነው ወረቀቱን አየና ፈገግ አለ። "ስህተት! ለዱራሜ ይተላለፋል።"

ገነቴ ተነሳች። ወደ እኔ አየች። "ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም." አለች።

"ሁለታችሁም ተሳስታችኋል! ትክክለኛው መልስ መስከረም 10 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው።"

አዳራሹ በአማርኛ ዝም አለ። በሀዲይኛ ግን መልሱ ከወንበር ወደ ወንበር ይተላለፍ ነበር፤ ዋዜማ ነው፣ ዋዜማ እኮ ነው፣ ምን ነካው። ጓድ አሳምነው ሀዲይኛ አይሰማም። እትዬ ሙሉነሽን አየኋቸው፣ ወለሉን አዩ። ጋሽ ዳኘን አየኋቸው፣ ጣሪያውን አዩ። ለካ ጠቅላላ ዕውቀት ማለት ይህ ነው፦ ጠቅላላው ሕዝብ ያውቀዋል፣ አንዱም አይናገረውም። እነዚህ ናቸው እንግዲህ "ታላላቆችሽን አክብሪ" የሚሉኝ።

ተነሳሁ።

"ጓድ አሳምነው፣ መስከረም 10 ቀን 1952 ከሆነ አበበ ሮም የደረሰው አንድ ዓመት ቀድሞ ነው። ሌሎቹ ሯጮች ገና ትኬት አልቆረጡም።"

አዳራሹ ፈነዳ። ሽማግሌው እንኳ ነቅተው ሳቁ። ሳቁ ጣፈጠኝ። በጣም ነው የጣፈጠኝ፣ እዚህ ላይ አልዋሽም።

የጓድ አሳምነው ጆሮ ቀላ። ወረቀቱን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ አጠፈ። ከዚያ ከእኔ በላይ አሻግሮ አየ።

"መምህር ሳህሉ! ይነሱ!"

አባባ ቆሞ ነበር። ባርኔጣውን አወለቀ።

"ይህን መልስ ያዘጋጀው ማነው?"

ባርኔጣውን በእጁ አዞረና፦ "እኔ ነኝ፣ ጓድ።"

"ሆን ብለው ነው ወይስ ባለማወቅ?"

"በስህተት ነው፣ ጓድ።"

"በአብዮታችን አሥረኛ ዓመት፣ በጀግናችን ድል ላይ፣ እንግዶች ፊት! ይህ ስህተት ነው ወይስ አሻጥር? እናጣራለን።"

ሳቁ የት እንደገባ አላውቅም። ሰዉ ጥላውን እየፈለገ ወጣ። ገነቴ በአጠገቤ ስታልፍ ቆም አለች። "አባትሽ ነው?" አለች። አዎ ስላት ወደ ጭነት መኪናቸው ሄደች።

ነሐሴ 14

እስኪጣራ ድረስ አባባ በየጠዋቱ ቀበሌ እየሄደ ይፈርማል። ከዚያ ወይ ይተዉታል ወይ ያ አሮጌ ወረቀት ይወጣል።

የጂኦግራፊ አስተማሪ! የዝናብ ዓይነቶችን ይለያል፣ ጳጉሜንን ከመስከረም አይለይም። አፈርኩበት።

ዝም ብል ኖሮ ማንም አያነሳውም ነበር። ግን ለምን ዝም እላለሁ?

ነሐሴ 15

ዝናብ። ሄደ። ፈረመ። መጣ። ምሳ አልበላም።

ዝም ብል ኖሮ።

ነሐሴ 17

ዛሬ ምሳ ላይ አባባ በሌለበት "ለመሆኑ እንዴት ነው አስተማሪ የሆነው?" አልኩ። እማዬ በሕይወቷ ጮኻብኝ አታውቅም፣ ዛሬም አልጮኸችም። ክንዴን ይዛ ወደ መኝታ ቤት ወሰደችኝ፣ ሳጥኑን ከፈተች፣ አንድ ወረቀት አወጣች።

የእጅ ጽሑፉ የእሷ ነው። የአባባን ጽሑፍ ከራሱ በቀር ማንም ስለማያነበው መቶውንም ጥያቄ የገለበጠችው እሷ ናት። ተራ ቁጥር 71። መልስ፦ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.።

በላዩ ላይ ቀይ ቀለም፣ ሁለት ጊዜ ተሰርዟል። ጎኑ ላይ በቀዩ እንዲህ ይላል፦

"መጽሐፉ ሴፕቴምበር 10 ይላል። ሴፕቴምበር ማለት መስከረም ነው። ጳጉሜን ሮም ውስጥ የለም። ስለሆነም ሮም ውስጥ በጳጉሜን መሮጥ አይቻልም። ይታረም!" ፊርማ፣ አሳምነው።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ሳቅኩ። በሁለተኛውም ትንሽ ሳቅኩ።

"ለምን አልነገረኝም?"

"ብነግራት በዚያው ቀን ገበያ መሃል ታነበዋለች አለ።"

አነበው ነበር። ያውም በርሜል ላይ ወጥቼ።

ነሐሴ 18

ወረቀቱን አውራጃ ይዤ ልሄድ ወሰንኩ። መጀመሪያ ግን ጋሽ ዳኘን ላማክር ብዬ ሱቅ ገባሁ፤ የሰው ስም ሳልጠራ፣ "አንድ ወረቀት ቢኖር" እያልኩ። ወዲያው ገባቸው።

"አሳየሽ እንበል" አሉ። "አሳምነው ደንቆሮ መሆኑ ይታወቃል።"

"ይታወቅ!"

"ድሮስ ማን ያላወቀ አለ? ግን ሲታወቅበት ይናደዳል። የተናደደ ደንቆሮ ደግሞ አባትሽ የፈረመው ወረቀት እጁ ላይ ነው። የአንቺ ወረቀት እሱን ለአንድ ቀን ያሳፍረዋል። የእሱ ወረቀትስ?"

መልስ ሲጠፋኝ ጥያቄ አነሳለሁ።

"እርስዎ በዕለቱ ለምን ዝም አሉ? ያውቁ ነበር እኮ።"

ስኳር መመዘን ጀመሩ። ሱቁ ውስጥ የሚገዛ ሰው አልነበረም።

ነሐሴ 21

ጓድ አሳምነው ቤታችን መጣ! በእግሩ፣ ብቻውን። እማዬ ቆጮ በጎመን አቀረበች። በደንብ በላ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ እንድሰማ ተደረግኩ።

"እኔ ቤተሰብ መጉዳት አልወድም" አለ። "ነገሩን ሳስበው ቀላል ነው። መልሱ ትክክል ከሆነ የተሳሳተ አዘጋጅ የለም። የተሳሳተ አዘጋጅ ከሌለ አሻጥር የለም። ልጅቷ እሑድ ስብሰባ ላይ ግለ ሂስ ታድርግ። ተሳስቼ ነው፣ ቀኑ መስከረም 10 ነው ትበል። አለቀ።"

"ካላለችስ?" አለች እማዬ።

"ካላለችማ መልሱ ስህተት ነው። ስህተት ከሆነ ደግሞ የጻፈው ሰው አለ። የጻፈው ሰው ደግሞ የፈረመው ነገር አለ።"

አባባ ሳህኑን እያየ ነበር።

ጓድ አሳምነው እጁን ሊታጠብ ተነሳ። ውሃውን ያፈሰስኩለት እኔ ነኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ያ የተመለሰላችሁ ረቂቅ... አሁንም አለ?" አለ።

"አቃጥለነዋል፣ ጓድ" አለች እማዬ ከኋላዬ። ጸሎት የምታደርግ ሴት ናት። ድምፅዋ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም።

ጓድ አሳምነው እጁን ሁለት ጊዜ ታጠበ። ፈርቷል! አባባን የሚያስፈራው ሰውዬ ራሱ ከላይ ያለ ሌላ ሰው ይፈራል። ከላይ ያለውስ? እስከ ጫፍ ድረስ እንዲህ ከሆነ ጫፉ ላይ ያለው ማንን ይፈራ ይሆን? ጳጉሜንን?

ሲወጣ አየሁት። ጫማው ጭቃ ነክቶታል።

ነሐሴ 24

ግለ ሂሱን ጻፍኩ። ከጻፍኩት ሁሉ የበለጠ ነው፦

"እኔ ጣቢታ ሳህሉ፣ ዓመት አሥራ ሦስት ወር አለው ብዬ በማመኔ ከባድ ስህተት ፈጽሜያለሁ። ጳጉሜን ሮም ውስጥ እንደሌለ አሁን ተረድቻለሁ። የሮም ሰዎች ከነሐሴ ሠላሳ በቀጥታ ወደ መስከረም አንድ ይዘላሉ፤ ረጅም ዝላይ የተጀመረውም በዚሁ ነው። ጀግናችን ውድድሩ ሊደረግ አንድ ዓመት ሲቀረው ማሸነፉ ድሉን እጥፍ ድርብ ያደርገዋል።"

ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ትቼው ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። ስመለስ አባባ ቆሞ እያነበበ ነው። መጀመሪያ ትከሻው ተነቃነቀ። ያለቀሰ መስሎኝ ደነገጥኩ። ከዚያ ድምፁ ወጣ። ሳቀ፣ ጠረጴዛውን ይዞ ሳቀ። ጸሎት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ያንን ድምፅ አልሰማሁትም ነበር። እማዬ ሮጣ መጣች። "ምን ሆነ? ምን ሆነ?"

"ረጅም ዝላይ" አለ እንባውን እየጠረገ። "ረጅም ዝላይ፣ ብርቅዬ!"

"ላነበው?" አልኩት።

ቀስ ብሎ ሳቁ አለቀ። "ይህን የሰማ ሰው ረቂቁ እንዳልተቃጠለ ያውቃል" አለ። ሳጥኑን ከፍቶ ባለቀዩን ወረቀት አወጣ። የእኔን ገጽ ከደብተሩ ከመቅደዱ በፊት በዓይኑ ጠየቀኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ሁለቱን ደርቦ ምድጃው ውስጥ ከተታቸው። (ከላይ ያለውን በቃሌ ነው መልሼ የጻፍኩት።)

"በአንድ ቀን ሁለት ምርጥ ጽሑፍ አቃጠልኩ" አለ። "የእሱም እኮ ቀላል አይደለም።"

ቀልድ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ከእኔ ተምሮ ይሆናል።

ከዚያ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። "አላስገድድሽም" አለኝ። "እንዳትዋሺ ብዬ አሳድጌሽ፣ አሁን ዋሺልኝ ማለት አልችልም። እሑድ እውነቱን ብትዪ እኔ አልቆጣም። አራት ወር ችያለሁ። ሌላም እችላለሁ።"

"አንተማ ትችላለህ" አልኩት። ሲያወራኝ ግን እጁን ጉልበቶቹ መሃል ደብቆ ነበር።

ነሐሴ 27፣ እሑድ

ተነሳሁ። "ተሳስቼ ነው። መልሱ ወረቀቱ ላይ ያለው ነው" አልኩ። ሁለት ዓረፍተ ነገር። አንድም ቀልድ የለበትም። በሕይወቴ እንዲህ ደረቅ ነገር ተናግሬ አላውቅም።

"ጮክ ብለሽ!" አለ ጓድ አሳምነው። "ቀኑ መቼ ነው?"

"መስከረም 10 ቀን 1952 ዓ.ም.።"

"እና ጳጉሜን ያልሽው ከየት አምጥተሽ ነው? ማን ነገረሽ?"

ይህ በስምምነቱ ውስጥ አልነበረም። ያኔ እትዬ ሙሉነሽ ከፊት ወንበር ማጨብጨብ ጀመሩ። ጋሽ ዳኘ ተከተሉ። ከዚያ ሁሉም። ጓድ አሳምነው እጁን አነሳ፣ አላቆሙም። አፉን ከፈተ፣ አላቆሙም። በመጨረሻ ለእሱ የተጨበጨበ መስሎት ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣ። ተቀመጥኩ።

ልንቃቸው ፈልጌ ነበር። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ። ነገ እሞክራለሁ።

ነሐሴ 30

የመስከረም የመምህራን ምደባ ተለጠፈ። አባባ አለበት፤ እዚያው ትምህርት ቤት፣ አራተኛ ክፍል። መፈረምም ቀርቶለታል። አብረን ሄደን አይተን፣ አብረን ተመለስን።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ልጆች ነበሩ። "መስከረም አስር! መስከረም አስር!" ብለው ጮሁብኝ። ይህ አዲሱ ስሜ ነው። ሰኞ ዕለት አክሊሉ "ይቅርታ፣ ሳላስበው አመለጠኝ" እያለ ጠርቶኛል። ሰላሳ ስም ለሰው አውጥቻለሁ፣ አንዱ ቢመለስ ምን ነበረበት።

ከመሃላቸው አንዲት ትንሽ ልጅ ወደ አባባ መጣች። የእሱ ተማሪ ናት። እየቀለደች አልነበረም።

"መምህር፣ አበበ በእውነት መስከረም አስር ነው ያሸነፈው? አያቴ ግን በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው አሉ።"

አባባ ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ። ለተማሪ ውሸት መናገር እንደማይችል አውቃለሁ፤ መንገዱ ላይ ደግሞ ሰው ነበር። አፉን ሲከፍት ቀደምኩት።

"አያትሽ ተሳስተዋል" አልኳት። "መስከረም አስር ነው። አርጅተው ነው፣ ይረሳሉ።"

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። አልተከራከረችም። "እሺ" ብላ ወደ ጓደኞቿ ሮጠች፣ አንድ ነገር አለቻቸው፣ ሁሉም ዞረው እኔን እያዩ ሳቁ።

ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም። ከሳቃቸው ግን ጥሩ ቀልድ መሆን አለበት።